ቡሬ ገበያ ላይ የመለስሁት ተረት

ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ጥቢ። የመስቀል አበባ ረግፎ ጤፉ ራሱን መድፋት ጀምሯል፤ አጫጅ ግን የለም። ወንዱ ግማሹ ዱር ነበር፤ ግማሹ እስር ቤት።

ያኔ ከቡሬ ወደ ወጀት፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምትሏት፣ በሚወስደው መንገድ ዳር እንኖር ነበር። አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ ስንዱ ትባላለች፤ ገና አፏን መፍታቷ ነው። ባሌ በክረምቱ መግቢያ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገብቷል። እናቴ የሞተችው ወንድሜ አዱኛ በዳዴ ሳለ ነው። ጡት አላጠባሁትም እንጂ እናቱ እኔ ነኝ። አፉንም የፈታው በእኔ ተረት ነው።

አዱኛን የያዙት በዝናር ሰበብ ነው። ጣሊያኖች ቤት ሲበረብሩ ከጎተራችን ሥር ዝናር አገኙ።

«ዝናር ካለ ጠመንጃ አለ። ጠመንጃውን አምጣ» አሉት።

ጠመንጃው ባሌ ትከሻ ላይ መሆኑን እኔም እርሱም እናውቃለን። አዱኛ ግን፣ «አያቴ ለሱሪ መታጠቂያ ብሎ ያወረሰኝ ነው» አላቸው። ገርፈው ወደ ቡሬ ወሰዱት። ከቅዳሜው ገበያ ማግሥት እስረኞቹ ሁሉ ወደ ደብረ ማርቆስ ይጫናሉ ተባለ። በዚያ ዘመን ወደዚያ የተጫነ ሰው ወሬው እንኳ አይመለስም ነበር።

ረቡዕ ዕለት ስንዱን አዝዬ፣ ለአዱኛ ስንቅ ቋጥሬ ቡሬ ሄድሁ። የጣሊያኖቹ ምሽግ በር ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀመጥሁ። እስረኞቹን ያጎሯቸው ከምሽጉ ጎን በሚገኝ የድሮ የከብት በረት ውስጥ ነው፤ ዙሪያውን በእሾህ ሽቦ አጥረውታል። ፀሐዩ በረታ። ስንዱ ማልቀስ ጀመረች። ዘበኛው «ዝም አሰኚያት!» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም በማውቀው ዝም አሰኘኋት።

«ተረት ተረት።»

«የላም በረት» አለች በኮልታፋ አንደበቷ። ለቅሶው ቆመ።

ነገርኋት። «አንድ ጅብ ወደማያውቁት አገር ሄደና ከላሞች በረት ደረሰ። የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። አነጠፉለት። ሲመሽ፣ በረታችሁ ጠባብ ነው፤ እርስ በርስ እንዳትዋጉ ቀንዳችሁን ፍቱና እደጅ አስቀምጡት፤ እኔ እጠብቅላችኋለሁ አላቸው። ላሞቹ ተያዩ። ሊፈቱ ሲሉ አሮጊቷ ላም ብድግ አለች። እንግዳችን፣ እኛስ ቀንዳችንን እደጅ አስቀመጥን፤ ጥርስህንስ የት ታስቀምጣለህ? አለችው። ላሞቹ ጥጆቹን መሐል አግብተው፣ ቀንዳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ቆመው አደሩ። ሲነጋ ጅቡ የለም። የተነጠፈለትን ቁርበት በልቶ ሄዷል። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።»

ቀና ስል የምሽጉ አዛዥ ከኋላዬ ቆሟል። ካፒቴን ይሉታል። አስተርጓሚው አቶ ፈንታ ከጎኑ ነው። አቶ ፈንታ የቡሬ ሰው ነው፤ በልጅነቱ ምጽዋ ሠርቶ ጣሊያንኛ ለምዷል።

«ልጅቷን ምን ብለሽ ዝም አሰኘሻት ይልሻል» አለኝ።

«ተረት ነግሬ።»

ካፒቴኑ ብዙ ተናገረ። አቶ ፈንታ ፊቱ እየጠቆረ ተረጎመልኝ። «በሰው አፍ መናገር ሰልችቶኛል ነው የሚልሽ። አማርኛ ከመጽሐፍ ጀምሬ አልገባኝም። ልጅሽን እንደምታስተምሪ አስተምሪኝ ይልሻል።»

«ወንድሜን ፍታልኝና ላስተምርህ በለው።»

ካፒቴኑ ሳቀ። «መጀመሪያ አስተምሪኝ። የወንድምሽን ነገር በገበያው ዕለት እናያለን» አለ።

እሺ አልሁ። እግዚአብሔር የከፈተው በር ይሆናል ብዬ ነው።

ከበሩ አጠገብ ካለው ዋንዛ ሥር አስቀመጡኝ። እርሱ በርጩማ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ። ጠጠር ለቅሜ ላሞቹን ደረደርሁ። ጥቁሩን ድንጋይ ጅቡ አደረግሁት። ቃሉን የማስተምረው በእጄ እያንቀሳቀስሁ ነው፤ ላም ትገባለች፣ ላም ትወጣለች፣ ጅብ ይመጣል። ልጅ የሚማረው እንዲህ ነው፤ ከነገሩ ጋር።

«ተረት ተረት» ስል ወደ አቶ ፈንታ ዞረ።

«የላም በረት በል። ካላልህ አልነግርህም።»

አቶ ፈንታ ደነገጠ። «አንቺ ሴትዮ! እርስዎ በያቸው እንጂ!»

«በእርስዎ የተማረ ልጅ አላውቅም» አልሁት። «አፍ የሚፈታው በአንተ ነው።»

ካፒቴኑ ምን እንደተባባልን ጠየቀና ሲተረጎምለት ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። «የላም በረት» አለ። በር ላይ ያሉት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ሐሙስም ተመልሼ ሄድሁ። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ ያልሁትን አይረሳም። ጥርስ የሚለው ቃል ብቻ አስቸገረው። «ትርስ፣ ትርስ» ይላል። ጥርሴን እያሳየሁ ደጋግሜ አስባልሁት። ሲደክመው እንቆቅልሽ አመጣሁለት።

«እንቆቅልህ?»

«ምን አውቅልሽ» አለ፤ ይህንንም ለምዷል።

«ስሄድ አገኘሁት፣ ስመለስ አጣሁት።»

አሰበ። ሰማዩን አየ፣ ጫማውን አየ። አላገኘውም።

«አላወቅህም። አገር ስጠኝ» አልሁት።

አቶ ፈንታ ላብ ላብ አለው። «ይህን እኔ አልተረጉምም» አለኝ በሹክሹክታ። ግን መተርጎም አላስፈለገም። አገር የሚለውንም ስጠኝ የሚለውንም ራሴ አስተምሬዋለሁ። ካፒቴኑ ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ ተመለከተኝ።

«አገር?»

«ያላወቀ አገር ይሰጣል። ሕጉ ነው። ልጆቻችን ሁሉ እንዲህ ነው የሚጫወቱት።»

«ሮማን ሰጠሁሽ» አለ።

«ሩቅ ነው፤ ምን ያደርግልኛል? የያዝኸውን ስጠኝ።»

አልሳቀም። አልተቆጣምም። «መልሱ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጤዛ» አልሁት።

ዓርብ ዕለት ብስኩት ሰጠኝ። ጾም ነው ብዬ መለስሁለት። ያን ዕለት ተረቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሱ ተናገረ። አሮጊቷ ላም ዘንድ ሲደርስ ቆመ። መጀመሪያ ዕለት አቶ ፈንታ ተረቱን አለሳልሶ ነግሮት ኖሮ፣ ፍቺው የገባው ገና አሁን ነው። ጥቁሩን ድንጋይ አንስቶ በእጁ አገላበጠው።

ከዚያ በአቶ ፈንታ አፍ መናገር ጀመረ፤ ነገሩ ከአማርኛው በላይ ነበርና።

«ነገ ገበያ ነው። ሕዝቡ ጠመንጃውን እንዲያስረክብ እነግረዋለሁ። በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ተረት። ግን ጅቡን አንበሳ አድርጊልኝ። መጨረሻውንም ለውጪው። ላሞቹ ቀንዳቸውን ለአንበሳው ሰጡ፤ አንበሳው ጠበቃቸው፤ በሰላም ተኙ። አንቺ ከጎኔ ቆመሽ እውነት ነው ብለሽ ታጨበጭቢያለሽ። ሕዝቡ ያውቅሻል፤ ያምንሻል። ያኔ ወንድምሽ ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

«ተረቱ የእኔ አይደለም» አልሁ። «ከእናቴ የተቀበልሁት ነው። የሰው ዕቃ አይለወጥም።»

«እንግዲያስ ወንድምሽ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል።»

አቶ ፈንታ ይህን ሲተረጉም አላየኝም። ቀጥሎ ከራሱ ጨመረ። «እቴዋ፣ አንድ ቃል ነው። እውነት ነው ማለት ምን ይጎዳሻል? ወንድምሽ ይበልጣል ወይስ የጅብ ተረት?»

ስንቄን ይዤ ወደ በረቱ ሄድሁ።

አዱኛ በሽቦው በኩል መጣ። ጀርባው ቆስሎ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው። ዘበኛው ስንቁን እየፈተሸ ሳለ አጫወትሁት።

«የላሞቹን ተረት ለውጪ ብለውኛል። ለውጬ በሰው ፊት ካጸደቅሁላቸው ትፈታለህ።»

ሽቦውን ያዘና፣ «ልጅ ሆኜ፣ ሲደክምሽ መጨረሻውን ስታሳጥሪብኝ ምን አደርግ ነበር?» አለኝ።

«ታለቅስ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሪ ትለኝ ነበር።»

«ዛሬም ያው ነኝ» አለ። እንጀራውን በእጁ መዘነ። «ደግሞ ጨው አሳንሰሻል።»

ይኸው ነው የተባባልነው።

ቅዳሜ ጠዋት ገብርኤልን ደጁን ስሜ ወረድሁ። ስለቴ አንድ ነበር፤ አፌ እንዳይያዝ።

ገበያው ሙሉ ነበር። እህል ይዞ የመጣው፣ በግ የሚስበው፣ በወታደር ተገፍቶ ወደ ምሽጉ ፊት ተሰበሰበ። በረቱ ከዚያው ጎን ነው፤ እስረኞቹ ሽቦውን ይዘው ቆመዋል። ካፒቴኑ ሳጥን ላይ ወጣ። እኔን ከጎኑ አቆሙኝ፤ ስንዱ ጀርባዬ ላይ ናት።

«ተረት ተረት!» አለ በጩኸት።

ሕዝቡ ሳያስበው፣ «የላም በረት!» አለ። ከሕፃንነት የተለመደ ነገር ነውና አፍ ቀደመ። ከዚያ ሁሉም ተፋፍሮ መሬት መሬት አየ። የመለሰ ሰው መስማት አለበት፤ ተያዙ።

ካፒቴኑ አሳምሮ ተናገረ። አንበሳው መጣ። ቁርበት ተነጠፈለት። ቀንዳችሁን ስጡኝ አለ፤ ሰጡት። «አንበሳው ጠበቃቸው። ላሞቹ በሰላም ተኙ። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ሕዝቡም ወደ እኔ ዞረ። አዱኛን አየሁት። ሽቦውን ለቅቆ እጆቹን አጣምሮ ቆሟል፤ ልጅ ሆኖ ተረት ሲሰማ እንዲህ ነበር የሚቆመው።

ልቤ አልተረጋጋም ነበር፤ ደፋር መስዬ አልታያችሁ። ግን አፌ አልተያዘም።

«ተረቴን መልሱ ብለሃል» አልሁት። «እመልስልሃለሁ። የተነገረ ተረት ካልተመለሰ ነውር ነው።»

አቶ ፈንታ እጄን ሊይዘኝ ሞከረ። ወደ ሕዝቡ ዞርሁ።

«ያ እንግዳ አንበሳ አልነበረም። አንበሳ ቁርበት አንጥፉልኝ አይልም። ቀንዳችሁን ፍቱ ሲላቸው ላሞቹ አልፈቱም። አሮጊቷ ላም ብድግ አለች። እንግዳችን፣ እኛስ ቀንዳችንን እደጅ አስቀመጥን» አልሁና ወደ ካፒቴኑ ዞርሁ። «ጥርስህንስ የት ታስቀምጣለህ? አለችው።»

ጥርስ የሚለውን ቃል ደጋግሜ ያስባልሁት እኔ ነኝ። አንዱም ቃል አላመለጠውም። ፊቱ ላይ አየሁት።

ከዚያ ከበረቱ አንድ ሰው ሳቀ። አዱኛ ነው። ሌላው ቀጠለ። ሳቁ ሽቦውን ዘሎ ወደ ገበያው መጣ። በግ ሻጩ ሳቀ፤ እህል ሰፋሪዋ ሳቀች።

«ላሞቹ ጥጆቹን መሐል አግብተው ቆመው አደሩ። ሲነጋ እንግዳው የለም። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።»

አንዱ ወታደር በሰደፍ ትከሻዬን መታኝ። በጉልበቴ ወደቅሁ፤ ስንዱ ጮኸች። ቀና ስል እማሆይ አጸደ ፊቴ ቆመዋል። በደብራችን ያረጁ መነኩሲት ናቸው፤ ለእስረኞች ድፎ ይዘው መምጣታቸው ነበር። ወታደሩን በክንዳቸው ገለል አደረጉት፤ ገለልም አለላቸው። ከድፎው ቆርሰው አፌን አበሱልኝ፤ በጉርሻ ሳይሆን፣ ልክ እንደተባለው፣ ከንፈሬን በዳቦው ዳበሱት።

«በቃልሽ ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉኝ። «ሕጉ እንዲህ ነው።» ከዚያ ወደ ካፒቴኑ ቀና ብለው፣ «አንተ ደግሞ፣ የሰው ተረት አጉድለህ ዳቦ የለህም» አሉት።

ሌላዋ ሴት መጣች፤ ከቆሎዋ ዘግና ነጠላዬ ላይ አፈሰሰችልኝ። ሌላዋም እንጀራዋን ቆርሳ ሰጠችኝ። ያለው ያለውን ይዞ መጣ። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን እንደደገኑ ካፒቴኑን ያዩታል። እርሱ ሳጥኑ ላይ እንደቆመ ነው።

በመጨረሻ ወረደ። አጠገቤ ሲደርስ በአማርኛ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ «ወንድምሽ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል» አለኝ።

«እግዚአብሔር አብሮት ይሄዳል» አልሁት።

ለወታደሮቹ በቋንቋው አንድ ቃል ተናግሮ ወደ ምሽጉ ገባ። አቶ ፈንታ፣ «ተዋት ነው ያለው፤ ቶሎ ሂጂ» አለኝ። ካፒቴኑ ለምን እንደተወኝ አላውቅም። በሰው ፊት ሴት መግረፍ አሳፍሮት ይሆናል። ገበያው እንዳይነሳበት ፈርቶም ይሆናል። እኔ ገብርኤል ነው እላለሁ።

እናንተ የምታነቡ፣ ይህን የጻፍሁት ጀግና ነበርሁ ለማለት አይደለም። ባሌ ዱር ለዱር የተራበውን፣ አዱኛ የተገረፈውን እኔ አልቀመስሁም። ትከሻዬ ብቻ ክረምት ሲገባ ያመኛል። ግን ከዚያ ቀን በፊት ተረት ልጅ ማስተኛ ይመስለኝ ነበር። ባዳ ሰው አፉን ሊፈታበት ሲመጣ፣ ከዚያም ሊያጣምመው ሲሞክር ነው ምን እንደያዝሁ ያወቅሁት። ማስተማሬን አልጠላሁም። ቋንቋ የእግዚአብሔር ነው፤ ለጠየቀ ይሰጣል። ያን ሰውም በደንብ አስተምሬዋለሁ፤ በደንብ ስላስተማርሁት ነው የነገርሁት ሁሉ የገባው። መጨረሻውን ግን አልሰጠሁትም።

ከዚያ በኋላ በዕድሜዬ ብዙ ሰው አማርኛ አፉን በእኔ ቤት ፈትቷል። ከአገው አገር የመጣች ምራቴ፣ ከሩቅ የመጣ አስተማሪ። ሁሉንም በላሞቹ ተረት እጀምራቸዋለሁ። እናንተም ልጅ ስታስተምሩ መጨረሻውን አታሳጥሩ። ቢደክማችሁም።

ስለ አዱኛ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ተመልሷል፤ የእግዚአብሔር ስም የተመሰገነ ይሁን። ደጄ ቆሞ ሳያስገቡት፣ ሳይቀመጥ፣ የላሞቹን ተረት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረኝ። የፊት ጥርሶቹ የሉም። «እታለም፣ ጥርሴን የት እንዳስቀመጥሁት ብቻ አትጠይቂኝ» ብሎ ሳቀ። እኔ አለቀስሁ። ገና ሳይገባ ለምን ተረት እንደነገረኝ የምታውቁት የዚያን ገበያ ማግሥት ስነግራችሁ ነው።

እሑድ ነበር። እግሬ ከቤተ ክርስቲያን በቀር ወደ ሌላ በማይሄድበት ሰዓት ወደ ቡሬ ወረድሁ። እማሆይ አጸደ ከትናንቱ ድፎ የተረፈውን አሸክመውኛል። ምሽጉ ፊት ስደርስ እስረኞቹ ተጭነዋል። የመኪናው ሸራ ተሸፍኖ ታስሯል፤ ማን እንዳለበት አይታይም። ዘበኛው ዳቦውን አልቀበልም አለኝ፤ ቅረቢም አላለኝ። ሾፌሩ ሞተሩን ሊያስነሳ ብረት እየዘወረ ይታገላል፤ እምቢ ብሎታል።

መንገዱ ዳር ቆምሁ። ስንዱን ከጀርባዬ አውርጄ ከጎኔ አቆምኋት። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ተረት ተረት!» አልሁ።

ዘበኛው ዞረ።

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!» አለ አዱኛ ከውስጥ። ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ከዚያ ሁሉም። ሸራው ተንቀሳቀሰ።

ነገርኋቸው። አላሳጠርሁም። ቁርበቱን፣ ቀንዱን፣ ጥርሱን፣ የቆሙትን ላሞች። ጥጆቹን መሐል ያስገቡበት ዘንድ ስደርስ ሞተሩ ተነሣ። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ስንዱን ታቅፌ ከጎኑ ሮጥሁ። ድፎውን በሸራው ቀዳዳ ወረወርሁት፤ አንድ እጅ ወጥቶ ቀለበው። የቀረችኝን አንዲት ቃል እየሮጥሁ ጮህሁበት።

«ተረቴን መልስ፣ አዱኛ! ተረቴን መልስ!»